የማይመሳሰሉ እንዴት አንድ ይሆናሉ?

ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች አንድ ሲሆኑ ልዩነታቸው ምን ይሆናል? ይጠፋል ወይስ በአንድነቱ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል? የነገረ መለኮት ሊቃውንት፣ ፈላስፎችና የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ ጠይቀውታል። በኬሚስትሪ በኩል ጥያቄው የሚወርደው እጅግ ትንሽ ወደሆነ ነገር ነው፤ በሁለት አተሞች መካከል ወዳለ አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን።

ሁለት የሃይድሮጅን አተሞች ሲተሳሰሩ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ኤሌክትሮን ያዋጣሉ። የተዋጣው ጥንድ የሁለቱም ነው፤ ሁለቱም እኩል ስለሚስቡት ወደ አንዳቸውም አያዘነብልም። አንደኛው አተም ሃይድሮጅን፣ ሌላው ክሎሪን ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ጥንዱ አሁንም የጋራ ነው፤ ሆኖም ክሎሪን አጥብቆ ስለሚስብ የኤሌክትሮኑ ደመና ወደ እርሱ ያደላል። በዚህ የተነሳ የክሎሪን ወገን በጥቂቱ ኔጋቲቭ፣ የሃይድሮጅን ወገን በጥቂቱ ፖዘቲቭ ይሆናል። እንዲህ ያለው እኩል ያልሆነ ጋርዮሽ ፖላር ኮቫለንት ትስስር ይባላል። አንድ አተም በትስስር ውስጥ ሆኖ የጋራውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የሚስብበት ኃይል ደግሞ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ነው።

የአንድነት ጥያቄ ለጎንደርና ለሰሜን ደጋ እንግዳ አይደለም። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ ሊቃውንት ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች ትልቁ ስለ ክርስቶስ መለኮትና ትስብእት አንድነት የተነሳው ነበር። ተዋሕዶ፣ ቅባት፣ ጸጋ እየተባሉ የተለዩት ወገኖች የተሟገቱት የአንድነቱን መንገድ በተመለከተ ነው። ሙግቱ ከጎንደር ዘመን አልፎ እስከ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ድረስ ዘልቆ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተዋሕዶ ጸንቶ ተደመደመ። ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ደባርቅን አልፎ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ የምትገኘው አዲ አርቃይ ወደ ዋልድባ ገዳም መሄጃ ናት፤ በዚህ አገር ይህ ሙግት የመጽሐፍ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ንጉሥ፣ መነኩሴና ገበሬ አብረው የገቡበት ነገር ነበር።

ተዋሕዶን የሚያስተምሩ መምህራን ትምህርቱን የሚጀምሩት አንድነት ምን እንዳልሆነ በመለየት ነው። የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት እንደሆነች አንዱ ወደ ሌላው ቢለወጥ ውላጤ ይባላል። ወተትና ውኃ እንደሚደባለቁ ሁለቱ ተቀላቅለው የየራሳቸው መልክ ቢጠፋ ቱሳሔ ነው። ሰይፍ በሰገባ፣ መጽሐፍ በማኅደር እንደሚቀመጥ አንዱ በሌላው ውስጥ ቢያድር ኅድረት ነው። ሁለቱ ተለያይተው ቢቀሩ ደግሞ ቡዐዴ ነው። እነዚህ ሁሉ ከተነቀፉ በኋላ የሚቀረው ተዐቅቦ ነው፤ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ ሲሆን የአንዱ ገንዘብ ለሌላው ይሆናል፣ ይሁንና አንዱም ሌላውን አያጠፋም። ምሳሌው በጽና ላይ ያለ ፍሕም ወይም ከእሳት የገባ ብረት ነው። ብረቱ ያቃጥላል፣ እሳቱም የብረቱን ቅርጽ ይይዛል፤ ብረቱ ግን ብረት፣ እሳቱም እሳት ነው። ይህ አከፋፈል የተሠራው ለነገረ መለኮት ቢሆንም፣ ነገሮች አንድ የሚሆኑባቸውን መንገዶች በጥንቃቄ የሚለይ ስለሆነ ስለ ቁስ አካል ለሚያስብ ሰውም ጠቃሚ መሣሪያ ነው።

በእነዚሁ መምህራን ትምህርት ውስጥ ስለ ቁስ አካል የሚያስተምረው ክፍል ሥነ ፍጥረት ነው። በዚህ ትምህርት የሥጋ ባሕርያት አራት ናቸው፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት። የሰው ሥጋ ከእነዚህ ተሠርቶ ከሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ጋር ሰባት ይሆናል። የአራቱ ባሕርያት ሐሳብ ከግሪክ ፍልስፍና ተነስቶ በክርስቲያን መጻሕፍት በኩል የመጣ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት የያዘው መልክ ግን የራሱ ውበት አለው። ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሦስት ሦስት ግብር ይሰጠዋል። የእሳት ሙቀት፣ ድርቀትና ብርሃን ነው፤ የነፋስ ሙቀት፣ እርጥበትና ጨለማ፤ የውኃ ቅዝቃዜ፣ እርጥበትና ብርሃን፤ የመሬት ቅዝቃዜ፣ ድርቀትና ጨለማ።

አከፋፈሉን ቀረብ ብሎ ለሚያየው አንድ ነገር ይገለጣል። ከአራቱ የትኞቹም ሁለት ቢወሰዱ በአንድ ግብር ይስማማሉ፣ በሁለት ይጣላሉ። እሳትና ነፋስ በሙቀት፣ እሳትና ውኃ በብርሃን፣ እሳትና መሬት በድርቀት፣ ነፋስና ውኃ በእርጥበት፣ ነፋስና መሬት በጨለማ፣ ውኃና መሬት በቅዝቃዜ ይገናኛሉ። ፈጽሞ የሚመሳሰሉ ሁለት የሉም፤ ፈጽሞ የሚቃረኑ ሁለትም የሉም። ጠላትነታቸው የታወቀው እሳትና ውኃ እንኳ የሚጋሩት አላቸው። ዓለም ሳይፈርስ የቆመው በዚህ ነው ይላል ትምህርቱ። ዛሬ እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት ንጥረ ነገሮች እንዳልሆኑ ይታወቃል፤ ውኃ ራሱ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ነው። ያም ሆኖ ከትምህርቱ ሥር ያለው ሐሳብ፣ ማለትም ትስስር የሚቆመው በመጋራትና በመለያየት መካከል ነው የሚለው፣ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

የግሪክን ትምህርት የወረሱ የመካከለኛው ዘመን ፈላስፎች ጥያቄውን ሌላ መልክ ሰጡት። አርስቶትል በእውነት የተዋሐደ ነገር ከአጠገብ ለአጠገብ ድርድር የተለየ ነው፣ እያንዳንዱ ክፍሉም ከሙሉው ጋር አንድ ዓይነት ነው ብሎ ነበር። ታዲያ መነሻዎቹ በውስጡ አሉ ወይስ የሉም? ኢብን ሲና የመነሻዎቹ ማንነት ሳይነካ ይኖራል፣ የሚዳከመው ሙቀታቸውና ቅዝቃዜያቸው ነው አለ። ኢብን ሩሽድ ማንነታቸው ራሱ ይዳከማል አለ። ቶማስ አኩዊናስ ደግሞ በማንነታቸው የሉም፣ በኃይላቸው ግን አሉ ሲል መለሰ። ሦስቱም ብልህ መልሶች ናቸው፤ ሦስቱንም ለመመዘን የሚያስችል መሣሪያ ግን በዘመኑ አልነበረም።

መሣሪያው መምጣት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ስዊድናዊው ያኮብ ቤርሴሊየስ ኤሌክትሪክ ውህዶችን እንደሚለያይ አይቶ ንጥረ ነገሮችን ከእጅግ ኔጋቲቭ እስከ እጅግ ፖዘቲቭ በተራ ደረደራቸው፤ ከሁሉ በላይ ኔጋቲቭ ያደረገው ኦክሲጅንን ነው። በእርሱ አስተያየት የሚያስተሳስረው ተቃራኒነት ብቻ ነው። ይህ ለጨው ቢሠራም አንድ ግልጽ ችግር ነበረበት፤ ሁለት ሃይድሮጅኖች ወይም ሁለት ክሎሪኖች ምንም ተቃራኒነት ሳይኖራቸው ለምን ይተሳሰራሉ? ቤርሴሊየስ እንዲህ ያለ ጥንድ ሊኖር አይችልም ወደ ማለት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1916 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ ትስስር በሁለት አተሞች የተያዘ የኤሌክትሮን ጥንድ ነው ሲል ችግሩ ተፈታ። ተመሳሳዮች በመጋራት አንድ ይሆናሉ፤ የሚለያዩም እንደዚሁ ይጋራሉ፣ ግን እኩል አይደለም።

ልዩነቱን በቁጥር የለካው ሊነስ ፖሊንግ ነው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1932 ዓ.ም. ነበር። አካሄዱ ለፍልስፍና ጥያቄያችን ቁልፍ ስለሆነ በዝርዝር መታየት አለበት። ሁለት ሃይድሮጅኖችን ለመለያየት በአንድ ሞል 436 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ሁለት ክሎሪኖችን ለመለያየት 243 ገደማ ይበቃል። ሃይድሮጅንና ክሎሪን ቢተሳሰሩ ትስስሩ የሁለቱ አማካይ፣ ማለትም 340 ያህል እንደሚሆን መገመት ተገቢ ይመስላል። ሲለካ ግን 431 ሆኖ ተገኘ። ከግምቱ በላይ የ90 ኪሎ ጁል ያህል ብልጫ አለው። ፖሊንግ ይህ ብልጫ የመጣው ከሁለቱ አለመመሳሰል ነው አለ፤ የብልጫውን ስኩዌር ሩት ወስዶም የሁለቱን የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነት አሰላ፤ ውጤቱ ወደ 1 የሚጠጋ ነው። ዛሬ በሠንጠረዡ ላይ ሃይድሮጅን 2.20፣ ክሎሪን 3.16፣ ካርቦን 2.55፣ ናይትሮጅን 3.04፣ ኦክሲጅን 3.44፣ ከሁሉ የሚበልጠው ፍሎሪን 3.98 ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። በተለምዶ አስተሳሰብ ልዩነት የአንድነት ጠላት ነው፤ ነገሮች አንድ የሚሆኑት ልዩነታቸውን በተዉበት መጠን ነው ተብሎ ይታሰባል። የፖሊንግ ስሌት ቢያንስ በአተሞች ዘንድ ተቃራኒውን አሳየ። የማይመሳሰሉት ትስስር ከተመሳሳዮቹ ትስስር አማካይ የበለጠ ጸንቶ ተገኘ። ሁለቱ እኩል ቢስቡ ኖሮ የሚጎድል ጥንካሬ በመለያየታቸው ምክንያት ተጨመረ። ይህ የማንም ምኞት ሳይሆን በሙቀት መለኪያ የተገኘ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ባሕርይ ራሱ ነው። ክብደት የአንድ ነገር የብቻው ገንዘብ ይመስላል፤ ድንጋዩ ብቻውን ቢሆንም ክብደቱ ከእርሱ ጋር ነው። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ግን፣ ፖሊንግ እንዳስቀመጠው፣ በሞለኪውል ውስጥ ያለ አተም ኃይል ነው። የሚጋራው የሌለ አተም የሚስበው የጋራ ጥንድ የለውም። የፖሊንግ መለኪያም የሚለካው ልዩነትን ብቻ ስለሆነ ቁጥሮቹ የቆሙት ለአንድ ንጥረ ነገር በስምምነት ከተሰጠ ዋጋ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮበርት ሙሊከን ሌላ መንገድ አቀረበ፤ ብቻውን ያለ አተም ኤሌክትሮን ለመልቀቅ የሚጠይቀውን ኃይልና ኤሌክትሮን ሲጨመርለት የሚለቀውን ኃይል ወስዶ አማካያቸውን አሰላ። ሁለቱ መለኪያዎች የሚሰጡት ተራ በአብዛኛው ይስማማል። ስለዚህ ዝንባሌው በአተሙ ውስጥ ሥር አለው፤ ሥራው የሚታየው ግን ከሌላ ጋር ሲሆን ነው። አርስቶትል ሊሆን መቻልና በተግባር መሆን ብሎ የለያቸው ሁለቱ ነገሮች እዚህ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ጓደኛ ሲለወጥም ኃይሉ ይለወጣል። በየጋራዡ ለብየዳ የሚያገለግለው አሲቲሊን ሁለት ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ያሉት ጋዝ ነው። በአሲቲሊን ውስጥ ያለ ካርቦን፣ በሦስት ጥንድ ኤሌክትሮን ከባልንጀራው ጋር ስለተሳሰረ፣ በኩራዝ ነጭ ጋዝ ውስጥ ካለው ካርቦን የበለጠ ኤሌክትሮን ይስባል። ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ በኒውክለሳቸው ያሉት ስድስት ፕሮቶኖች አልተለወጡም። ስለዚህ ለካርቦን የተሰጠው 2.55 የሚለው ቁጥር ለመነሻ ያህል የሚያገለግል አማካይ ነው እንጂ በአተሙ ላይ የተቀረጸ ማኅተም አይደለም።

ወደ ሙሉው ሞለኪውል ሲመጣ የክፍሎቹ ጠባይ ብቻ አይበቃም። በውኃ ውስጥ የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ልዩነት 1.24 ነው፤ ኤሌክትሮኑ በግልጽ ወደ ኦክሲጅን ያደላል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ የካርቦንና የኦክሲጅን ልዩነት 0.89 ነው፤ እዚያም ያደላል። ይሁን እንጂ ውኃ ፖላር ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም። ምክንያቱ ቅርጻቸው ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለቱ ኦክሲጅኖች ካርቦኑን መካከል አድርገው በቀጥታ መስመር ላይ ስለቆሙ አንዱ ወደ ቀኝ የሳበውን ሌላው ወደ ግራ በመሳብ ያጠፋዋል። በውኃ ግን ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በ104.5 ዲግሪ ማዕዘን ወደ አንድ ወገን ስለታጠፉ ስበቱ ይደመራል። ሁለት ያዘነበሉ ትስስሮች አንድ ጊዜ ያላዘነበለ፣ ሌላ ጊዜ ያዘነበለ ሞለኪውል ይሰጣሉ። ከክፍሎቹ ዝርዝር ብቻ ተነስቶ ሙሉውን ማወቅ የማይቻልበት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የውኃ ማድላት የሚያስከትለው ነገር ለሰሜን ተራሮች መልክ ሰጥቷቸዋል። የአንዱ ውኃ ሞለኪውል ፖዘቲቭ ወገን የሌላውን ኔጋቲቭ ወገን ስለሚስብ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ይህ ሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። ኦክሲጅን በድኝ ሲተካ የሚገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከውኃ ሞለኪውል የሚከብድ ሆኖ ሳለ የድኝና የሃይድሮጅን ልዩነት 0.38 ብቻ ስለሆነ መያያዙ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ገና ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ውኃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደባርቅ ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይጠብቃል። በደጋው ባቄላ ቶሎ የማይበስለው የፈላው ውኃ ከቆላው ፍል ውኃ ያነሰ ስለሚሞቅ ነው።

ውኃ ሲረጋም እንደ አብዛኛው ነገር አይጠብም። እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት ጎረቤቶቹን በተወሰነ ማዕዘን ለመያዝ ሲል በመካከሉ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ በረዶ ከነበረበት ውኃ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። በራስ ደጀንና በቧሂት ከፍታ ቀን በዐለት ስንጥቅ የገባ ውኃ ሌሊት በውርጭ ሲረጋ ስንጥቁን ይገፋዋል። ጠዋት ይቀልጣል፣ ማታ ይረጋል፤ ስንጥቁ እየሰፋ ሄዶ ዐለቱ ይፈነከታል። በእነዚያ ገደሎች ሥር የተከመረው ስለታም ስብርባሪ ድንጋይ በከፊል የዚህ ሥራ ነው። ጥንድ ኤሌክትሮን ወደ ኦክሲጅን በማዘንበሉ ተራራ ይፈርሳል ማለት ማጋነን ሊመስል ይችላል፤ ሰንሰለቱ ግን በመካከሉ አንድም የጎደለ ቀለበት የለውም።

ከደጋው ወርዶ ወደ ተከዜ ተፋሰስ ቆላ ሲደረስ ሌላ ማስረጃ አለ። በአዲ አርቃይና በአካባቢው ቆላ የእጣን ዛፍ ይበቅላል። ቅርፊቱ በስለት ሲፋቅ የሚወጣው ነጭ ወተት በአየር ደርቆ እጣን ይሆናል። የደረቀ የእጣን ፍሬ በውኃ ውስጥ ቢታሽ ውኃው ይነጣል እንጂ ፍሬው እንደ ጨው ጨርሶ አይሟሟም። እጣን በውስጡ ሦስት ዓይነት ነገር ስላለው ነው። አንደኛው ሙጫ ነው፤ በኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ጥንዶች የተሞላ ስለሆነ ውኃ ይስበዋል። ሁለተኛው ረሲኑ ነው፤ አብዛኛው አካሉ ካርቦንና ሃይድሮጅን ሲሆን የእነዚህ ልዩነት 0.35 ብቻ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ወገን የለውም። ጧፍ የሚሠራበት ሰምም ውኃ የማያስጠጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስተኛው መዓዛውን የሚሰጠው ዘይት ነው። የዚህ ዛፍ ዘይት ዋና ክፍል የሆነው ኦክቲል አሲቴት በአንድ ጫፉ ሁለት ኦክሲጅኖች፣ በሌላው ወገን የስምንት ካርቦኖች ረጅም ጅራት አለው፤ በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ውኃ ወዳድና ውኃ ጠል ወገን አብረው ይኖራሉ።

ለአንድነት ጥያቄ እጣን ጥሩ መምህር ነው፤ ሁለት የአንድነት ደረጃዎችን በአንድ ፍሬ ያሳያልና። ሙጫው፣ ረሲኑና ዘይቱ ተቀላቅለዋል፤ መጠናቸው ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፣ በውኃም ሊነጣጠሉ ይችላሉ። ይህ በመምህራኑ አነጋገር ወደ ቱሳሔ የሚጠጋ ነው። በኦክቲል አሲቴት ውስጥ ያሉት ካርቦኖችና ኦክሲጅኖች ግን እንዲህ አይደሉም። መጠናቸው ቁርጥ ነው፤ አሥር ካርቦን፣ ሃያ ሃይድሮጅን፣ ሁለት ኦክሲጅን። አንድ አተም ቢጎድል መጠኑ የተቀነሰ ያው ነገር ሳይሆን ሌላ ነገር ይሆናል።

ታዲያ ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ ኦክሲጅን ነው? የጥንቱ አከፋፈል እዚህ ላይ ሊፈተን ይችላል። ለውጥ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የኦክሲጅኑ ኒውክለስ ከነስምንት ፕሮቶኑ እንዳለ ነው፣ በኤሌክትሪክ ቢለያይም አንድ እጅ ኦክሲጅንና ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ሆኖ ይመለሳል። ቅልቅል ነው ማለትም አይቻልም፤ የሁለቱ ጋዞች ቅልቅል በማንኛውም መጠን ሊሆን ይችላል፣ እሳት ሲነካውም ይፈነዳል፤ ውኃ ግን መጠኑ የተወሰነ ነው፣ እሳትን ያጠፋል። ማደርም አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ ማኅደር፣ ሌላው አዳሪ የሚሆንበት መንገድ የለም። መልሱ እንደሚታየው ሁለት ፎቅ አለው። በውስጠኛው ፎቅ፣ ማለትም በኒውክለሱ፣ እያንዳንዱ ተጠብቆ ይኖራል። በውጭኛው ፎቅ ግን የተጋሩት ኤሌክትሮኖች የየትኛው እንደነበሩ ተለይቶ አይታወቅም። ይህ የሰው መሣሪያ ድክመት አይደለም፤ በኳንተም መካኒክስ ሁለት ኤሌክትሮኖች ምንም መለያ የላቸውም፣ ይህኛው ከኦክሲጅን፣ ያኛው ከሃይድሮጅን መጣ የሚለው አነጋገር ራሱ ትርጉም የለውም። ከመካከለኛው ዘመን መልሶች ሲመዘኑ ኢብን ሲና ስለ ኒውክለሱ፣ አኩዊናስ ስለ ኤሌክትሮኑ ወደ እውነቱ ተጠግተዋል ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ግን ስለ ሁለቱ ፎቅ አያውቁም ነበር።

ከዚህ ተነስቶ ኬሚስትሪን ለተዋሕዶ ምስክር አድርጎ ማቆም ፈታኝ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የአተሞች አንድነት በደረጃ የሚሆን ነው፤ ጥቂት ያደላ፣ ብዙ ያደላ ይባልበታል። ሊቃውንቱ የሚናገሩለት አንድነት ደረጃ የለውም። የአተሞች አንድነት ይፈታል፤ ያኛው ከተዋሕዶ በኋላ መለየት የለበትም ተብሎ የሚታመን ነው። አተሞች ሁለቱም ፍጡራን ናቸው፣ ሁለቱም የሚለኩ ናቸው፤ እዚያ ግን ፈጣሪና ፍጡር ነው የተባለው። ብረትና እሳትን የጠቀሱት መምህራን ራሳቸው ምሳሌ ከሚመሰልለት ነገር እንደሚያንስ ደጋግመው ያስተምራሉ። ከሃይማኖት ትምህርት ለኬሚስትሪ ሊገኝ የሚችለው ማስረጃ ሳይሆን ጥያቄን በሥርዓት የመጠየቅ ልማድ ነው፤ አንድ ሆኑ ሲባል በምን ዓይነት አንድነት ብሎ መጠየቅ። ከኬሚስትሪ ለሃይማኖት ተማሪ የሚገኘው ደግሞ ጠባብ ቢሆንም የከበረ ነው። ልዩነትን ሳያጠፋ የሚጸና አንድነት ሊታሰብ አይችልም የሚል ሰው ቢኖር፣ በየዕለቱ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድነት እንዳለ ሊታይ ይችላል።

የሚቀረው ማድላት መወሰድ የሚሆንበት ድንበር ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ልዩነቱ ከ1.7 ሲያልፍ ትስስሩን አዮኒክ ይሉታል፤ ማለትም አንዱ ኤሌክትሮኑን ጨርሶ ሰጥቶ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወስዶ ኔጋቲቭ የሚሆንበት ነው። ድንበሩ ለመማሪያ የተሰመረ እንጂ በተፈጥሮ የተቆረጠ አይደለም። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ 1.78 ልዩነት ይዞ ድንበሩን ቢያልፍም በተራ ሙቀት እየተነነ ሞለኪውል ሆኖ የሚኖር ነው። ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ደግሞ በቁጥሩ መሠረት ኔጋቲቭ ወገኑ ኦክሲጅን መሆን ሲገባው ሲለካ በጣም በትንሹ ካርቦኑ ሆኖ ይገኛል፤ ከተጋሩት ጥንዶች ሌላ ያልተጋሩ ኤሌክትሮኖችም ድርሻ ስላላቸው ነው። የአንድ ቁጥር ሕግ ጠቃሚ ቢሆንም የመጨረሻ ዳኛ አይደለም።

የአዮኒክ ትስስር ዋና ምሳሌ ጨው ነው። ከአፋር ምድር ተቆርጦ በቅፍለት እስከ ጎንደር ገበያ ይደርስ የነበረው አሞሌ፣ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው፣ አብዛኛው አካሉ ሶዲየምና ክሎሪን ነው። የሁለቱ ልዩነት 2.23 ነው። በጨው ቅንጣት ውስጥ እያንዳንዱ ሶዲየም ስድስት ክሎሪኖች ከበውታል፤ እያንዳንዱ ክሎሪንም በስድስት ሶዲየሞች ተከቧል። ይህ ሶዲየም የዚያ ክሎሪን ነው ማለት አይቻልም፤ አንድነቱ የጥንድ ሳይሆን የማኅበር ነው። ጨው በውኃ ሲሟሟ የውኃው ኦክሲጅን ወገን ሶዲየሙን፣ ሃይድሮጅን ወገኑ ክሎሪኑን እየከበበ ማኅበሩን ይበትነዋል።

ጨው በከፍተኛ ሙቀት ሲተን ግን ጥንድ ጥንድ ሞለኪውል ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሮኑ ምን ያህል እንደተወሰደ መለካት ይቻላል። ኤሌክትሮኑ ሙሉ በሙሉ ቢወሰድ ኖሮ የሞለኪውሉ ፖላርነት ዲባይ በሚባለው መለኪያ 11.3 ይሆን ነበር፤ የተለካው 9 ነው። ለሃይድሮጅን ክሎራይድ ተመሳሳይ ስሌት ሲሠራ መወሰዱ 18 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ለጨው ሞለኪውል ደግሞ 80 በመቶ ገደማ። ቤርሴሊየስ ፍጹም ተቃራኒነት ብሎ ባሰበው ቦታ እንኳ ከኤሌክትሮኑ አንድ አምስተኛ የሚያህለው የጋራ ሆኖ ይቀራል።